ረሲዓን የተባሉ እነማን ናቸው?

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለተሰበሰቡ ምእመናን የተነገረ

ፊደል ቈጥሮ፤ ፊደለ ሐዋርያና ወንጌል አንብቦ ወደ ዳዊት የተሻገረ ልጅ ሁሉ፤ በመጀመሪያው መዝሙር በመጀመሪያው ቍጥር፤ ብፁዕ ተብሎ የተመሰገነውን ሰው ገና በቅጡ ሳያውቀው፤ አምስተኛው ቃል ላይ ሲደርስ ረሲዓን የሚል ስም ያገኛል። በግዕዝ ንባብ ያነበዋል፤ በውርድ ንባብ ይደግመዋል፤ በቁም ንባብ ይሠልሰዋል፤ ከዚያም በኋላ ዳዊት በደገመ ቍጥር ዕድሜውን ሙሉ ከአፉ አይለየውም። ትርጓሜው ምንድር ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን ብዙው ሰው «ክፉዎች ማለት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ይህ መልስ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ጐደሎ ነው። ግዕዝ ክፉውን ሰው እኩይ ይለዋል፤ ዐመፀኛውን ዐማፂ፤ ካጂውን ከሓዲ፤ ሕግ አፍራሹን ዐላዊ ይለዋል። ስም ያልቸገረው ቋንቋ በዳዊት ደጃፍ ላይ ሌላ ስም ማቆሙ ያለ ምክንያት አይደለምና፤ የዚህም ንግግር አሳብ ያን ምክንያት መመርመር ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ክብር አንድ ነገር መናገር ይገባል። ከጀርመን አገር ከኮሎኝ ከተማ የመጣው ዮሐንስ ፖትከን በሮም በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1513 ዓመት መዝሙረ ዳዊትን በዚያው በሮም አሳተመ። በግዕዝ ፊደል በማተሚያ መኪና የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። እንግዲህ ረሲዓን የሚለው ስም ለብዙ መቶ ዓመት በብራና ላይ በመቃ ብርዕ ሲጻፍ ከኖረ በኋላ፤ በእርሳስ ፊደል ከታተሙት ከመጀመሪያዎቹ የግዕዝ ቃላት አንዱ ሆኖ ተገኘ። የክፉ ሰዎች ስም በእንዲህ ያለ ክብር ወደ ማተሚያ ቤት መግባቱ ትንሽ የሚያስገርም ነው።

የቃሉ ሥር ረስዐ ነው። ረስዐ ማለትም ረሳ ማለት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። በልዐ የነበረው በአማርኛ በላ፤ ሰምዐ የነበረው ሰማ እንደ ሆነ፤ እንዲሁ ረስዐ የነበረው ረሳ ሆነ። የአማርኛ ጕረሮ ዐይኑን ዐ ከጣለው ብዙ ዘመን ሆኖታልና፤ የቃሉ ጅራት ተቈርጦ ቀርቶ አንባቢው ዘመዱን ሳያውቀው ይኖራል። የትግርኛ ተናጋሪ ግን ዛሬም ረስዐ ሲል ዐይኑን ከጕረሮው አውጥቶ ያሰማዋል። ስለዚህ «ቍልፉን ረሳሁት» የሚል ሰውና በመዝሙር ረሲዓን የሚል ደጋሚ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። የባቢሎን ምርኮኞች ኢየሩሳሌምን ላለመርሳት በማሉበት በ136ኛው መዝሙር የሚገኘውም ግስ ይኸው ነው። አውግስጦስ ዲልማን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1865 ዓመት ባሳተመው ታላቅ የግዕዝ መዝገበ ቃላት መርሳትንና ኃጢአተኛነትን በአንድ ሥር ሥር አኑሮአቸዋል፤ ከእርሱም በኋላ የመጡት ሊቃውንት ይህን አልለወጡም።

የቃሉንም አካሄድ ማየት ያስፈልጋል። ረሲዕ የሚለው ቅጽል በጠቢብ፤ በሐዲስ፤ በቀጢን፤ በነዊኅ አምሳያ የቆመ ነው። በዚህ አምሳያ የሚቆሙ ቅጽሎች ብዙዎቹ ለአንድ ቀን የሚሆነውን ሥራ ሳይሆን በሰው ወይም በነገር ላይ ጸንቶ የሚኖረውን ጠባይ ይናገራሉ። አንድ ቀን ጥበብ የተናገረ ሁሉ ጠቢብ እንዳይባል፤ አንድ ቀን የረሳም ሁሉ ረሲዕ አይባልም። መርሳት ጠባዩ፤ መርሳት ቤቱ የሆነበት ሰው ነው ረሲዕ። ሁለት ፊደላት ቢለወጡና ርሱዕ ቢባል ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ የተረሳ ማለት ይሆናል። ረሲዕና ርሱዕ፤ ረሺና ተረሺ፤ በንባብ እጅግ ይቀራረባሉ፤ ኑሮአቸው ግን እንደ ሰማይና ምድር የተራራቀ ነው።

ከዚህ ጋራ አንድ ስሕተት መጠበቅ አለበት። በንጉሡ ሠና በአልፉ አ የሚጻፍ ረሥአ የሚል ሌላ ግስ አለ፤ ትርጓሜውም አረጀ ማለት ነው፤ ርሥአን ከዚያ ይወጣል፤ ሽምግልናም ማለት ነው። በእሳቱ ሰና በዐይኑ ዐ የሚጻፈው ርስዐን ግን ርስት የሌለው ሌላ ወገን ነው፤ እግዚአብሔርን መርሳት ማለት ነውና። ዛሬ በአፍ ሲነገሩ ልዩነታቸው ስለማይሰማ፤ ለፊደል የማይጠነቀቅ ጸሐፊ ምስኪኑን ሽማግሌ በአንድ የብርዕ ስሕተት ከኃጥኣን ጉባኤ ሊያስገባው ይችላል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ፤ ከዕረፍታቸው በኋላ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ ድካም በ1948 ዓመተ ምሕረት በታተመው መጽሐፋቸው፤ የፊደል ሞክሼዎች እየተለዩ ይጻፉ ብለው አጥብቀው መሟገታቸው ለጌጥ ያህል አልነበረም። ሽማግሌም ስለ ዕድሜው ብዛት የልጁን ስም ቢረሳ፤ ጸሎቱን ጀምሮ መካከሉ ላይ ቢጠፋበት፤ ይህ ድካም ነው እንጂ ርስዐን አይደለም፤ በቋንቋውም በሕይወቱም ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

የዕብራይስጥ ሰዎች ክፉውን ሰው ራሻዕ ይሉታል። የእነርሱ ሻ በግዕዝ ሰ ሆኖ እንደሚገኝ ሼም ስም፤ ላሾን ልሳን፤ ኔፌሽ ነፍስ፤ ሻማዕ ሰምዐ መሆናቸው ያስረዳልና፤ ራሻዕና ረስዐ በፊደል ሥርዐት ወንድማማቾች ናቸው። ነገር ግን ወንድማማቾች ሁሉ አንድ ጠባይ አይኖራቸውም። በዕብራይስጥ ራሻዕ ማለት በመጀመሪያ የፍርድ አደባባይ ቃል ነው፤ ሁለት ሰዎች ተካሰው ሲቆሙ የሚረታው ጻዲቅ፤ የሚረታበት ራሻዕ ይባላል። ሙሴ ሁለት ዕብራውያን ሲጣሉ ባየ ጊዜ ባልንጀራውን ስለ ምን ትመታዋለህ ብሎ የጠየቀው ሰው በኦሪት ዘጸአት በዚሁ በራሻዕ ስም ተጠርቶአል፤ በዳዩ ማለት ነው። መርሳትን ግን ዕብራውያን በሌላ ግስ ሻካሕ ይሉታል፤ ከራሻዕ ጋራ ዝምድና የለውም። እንግዲህ ክፋትንና መርሳትን በአንድ ቃል አስሮ የሚናገር ዕብራይስጥ አይደለም፤ ግዕዝ ነው።

የዳዊትን መጽሐፍ ወደ ግዕዝ የመለሱት የአክሱም ዘመን ሊቃውንት ደግሞ ከፊታቸው የነበረው የጽርዕ መጽሐፍ ነው። በጽርዕ በዚያ ቦታ ያለው ቃል አሴቤስ ይባላል፤ ይኸውም ፍርሃትና አክብሮት የሌለው፤ ለሚሰገድለት የማይሰግድ ማለት ነው። ተርጓሚዎቹ ለዚህ ቃል ምትክ ሲፈልጉ ዐላዊ ሊሉ ይችሉ ነበር፤ እኩያን ሊሉ ይችሉ ነበር፤ ረሲዓን አሉ። ቃሉ ከጥንት ከሴም ልጆች ቋንቋ የወረሰውን የክፋት ትርጓሜ ይዞ ቈይቶ መርሳትን በኋላ ጨመረ ወይስ መርሳት ቀድሞ ክፋት ከዚያ ተወለደ፤ ይህን ሁለት ወገን ሆኖ መከራከር ይቻላል። ሰሚው ግን የክርክሩን መጨረሻ መጠበቅ አያስፈልገውም። በአክሱም ሰው ጆሮ ረሲዕ የሚለው ስም በተጠራ ጊዜ መርሳት አብሮ ይሰማ ነበር፤ የእግዚአብሔርን ክብር የማያስብ ማለትና የረሳ ማለት በዚያ ጆሮ አንድ ነገር ሆነው ተገናኙ።

በዚያው ቍጥር ከረሲዓን ቀጥሎ ኃጥኣንና መስተሳልቃን ይመጣሉ። መስተሳልቃን ያው የሚሳለቁ ናቸው፤ ቃሉ በአማርኛ ሳይለወጥ ይኖራል። የጽርዑ መጽሐፍ በዚህ ቦታ ቸነፈር የሚል ስም ሲሰጣቸው ግዕዙ እንደ ዕብራይስጡና እንደ ሱርስቱ ፌዘኞች ማለቱ ለመርማሪ ሰው ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ግን ለዛሬው አሳብ አይደለም።

ለዛሬው አሳብ የሚያስፈልገው ኃጥእ የሚለው ነው። የኃጥእ ሥር ኀጥአ ሲሆን፤ ትርጓሜው በደለ ብቻ አይደለም፤ አጣ፤ ፈልጎ ሳያገኝ ቀረ ማለትም ነው። የአማርኛው አጣ ከዚህ የወጣ ነው። በዕብራይስጥም ሐጣእ ማለት ሳተ፤ ዒላማ ሳይመታ ቀረ ማለት ነው፤ በመጽሐፈ መሳፍንት በ20ኛው ምዕራፍ ጠጕርን እንኳ በወንጭፍ ወርውረው የማይስቱ 700 ግራኞች ሲነገርላቸው አይስቱም የተባለው በዚሁ ግስ ነው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ሳያውቀው በየቀኑ ሁለቱን የዳዊት ስሞች በአፉ ይዞ ይውላል፤ ገንዘብ አጣሁ ባለ ጊዜ የኃጥእን፤ ነገር ረሳሁ ባለ ጊዜ የረሲዕን ሥር ይጠራል። በመምህራን ዘንድ ረሲዓን ዝንጉዓን ተብለው ሲተረጐሙም ነገሩ አይለወጥም፤ ዘነጋ የሚለው ግስ ደግሞ ዘንግዐ ከሚለው የወጣ ነውና።

የክፉ ሰው ስም መሣሪያ ነው፤ በእጁ የያዘው ሰውም ሁልጊዜ በትክክለኛው ሰው ላይ አያነሣውም። ከላይ ጠቢብ የተባለው ስም የረሲዕ አምሳያ መሆኑ ተነግሮአል። ይህ የክብር ስም በሕዝብ አፍ ሲንከባለል ጠይብ ሆነ፤ ብረት ቀጥቅጦ ማረሻና መጥረቢያ የሚሠራውም ሰው በዚህ ስም ተሰደበ፤ ቡዳ ነው ተብሎም ተፈራ፤ ማዕድና ጋብቻም ተከለከለ። ነገሩ እስከዚህ ስለ ደረሰ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት የእጅ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ ዐዋጅ አስነገሩ። ጠቢቡ በሕዝብ ምላስ እንደ ክፉ ሰው ተቈጠረ፤ ምንም አላጠፋም፤ ማረሻውን የሚያርስበት ገበሬ ግን ማረሻውን የሠራለትን እጅ ረስቶ ነበር። በእውነት ስሙ ይሰጥ ቢባል ረሲዕ የሚለው ስም የሚገባው ለየትኛው እንደ ነበረ መፍረድ አያስቸግርም።

ይህ የሩቅ ነገር የመሰለው ሰው ቢኖር በየደብሩ የሚታየውን የተዝካርን ነገር ይመልከት። ዘከረ ማለት አሰበ፤ አስታወሰ ማለት ስለሆነ፤ ዝክርም ተዝካርም መዘክርም ከዚህ ይወጣሉና፤ ተዝካር ማለት በስሙ ራሱ የርስዐን ተቃራኒ ነው። በዐርባ ቀን፤ በሰማንያ ቀን፤ በመንፈቅ፤ በሙት ዓመት ሙታንን ማሰብ የቈየ ሥርዐት ነው፤ የነገሩም ሥር ጸሎትና ለድኾች የሚሰጥ ምጽዋት ነው። ነገር ግን በየአገሩ ጠላው፤ ጠጁ፤ የሚታረደው ሠንጋ፤ የተጠሪው ብዛት እየጨመረ ሄዶ፤ ብዙ ገበሬ ለአባቱ ተዝካር የእርሻ በሬውን ሸጦአል፤ በወለድ ተበድሮአል፤ ዕዳውንም ለልጁ አውርሶአል።

አሁን አንድ ድኻ ልጅ አባቱ ሞቶበት ዐርባው ደረሰ እንበል። ጐተራው ባዶ ነው፤ አንዲት ላም አለችው፤ እርስዋን ካረደ ልጆቹ ወተት አያገኙም። ለቄሱ ነግሮ ፍትሐት አስፈታ፤ አንድ ዳቦ ለነዳያን ቈረሰ፤ ከዚያም ወደ ሥራው ሄደ። ጎረቤት ምን ይላል? «አባቱን ረሳ» ይላል። ይህችን ቃል አቅልሎ የሚናገር ሰው በግዕዝ ቢናገራት ምን እንዳለ ባወቀ ነበር፤ ረሲዕ ነው ብሎአልና። ስሙን በሰንበቴ ያነሣዋል፤ በማኅበር ያነሣዋል፤ ያም ሰው አፍሮ ከደጀ ሰላም ይቀራል፤ ከቀረም በኋላ ቤተ ክርስቲያንን ረሳ ይባላል፤ ሁለተኛው ክስ የመጀመሪያውን የሚያጸና ይመስላል። እንዲህ ሆኖ የሚቀር ሰው ጥቂት አይደለም።

ይህ ሰው ግን አልረሳም፤ አጣ እንጂ። ሁለቱ ግሶች በዳዊት ጎን ለጎን የቆሙ ቢሆኑም አንድ አይደሉም። ያጣ ሰው ልቡ ያስባል፤ እጁ ግን ባዶ ነው፤ የረሳ ሰው እጁ ሙሉ ነው፤ ልቡ ግን ባዶ ነው። ኦሪት ዘዳግም በ8ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔርን እንዳትረሳ ተጠንቀቅ ብሎ የሚያስጠነቅቀው ለተራበው ሰው አይደለም፤ በልቶ ለጠገበው፤ መልካም ቤት ሠርቶ ለተቀመጠበት፤ ላምና በግ፤ ብርና ወርቅ ለበዛለት ነው። መጽሐፉ ርስዐንን የሚጠብቀው ከጎተራው ሙላት ነው። እንግዲህ ሠንጋ ጥሎ ሦስት ቀን ያበላ፤ በበሩ የቆመውን ነዳይ ግን በዘበኛ ያስመለሰ ባለጸጋ፤ ድግሱ ተዝካር ይባል እንጂ ማን ማንን እንዳሰበ መመርመር ይገባል። በ30ኛው መዝሙር እንደ ሙት ተረሳሁ ብሎ የሚያዝነው ድምፅ የርሱዕ ድምፅ ነው፤ ርሱዓን ደግሞ በመቃብር ብቻ አይደሉም፤ ከበር ውጭም ይቆማሉ።

ረሲዕ በጠባይ አምሳያ የቆመ ስም ነውና ታዲያ መድኀኒት የለውምን? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በ18ኛው ምዕራፍ ራሻዕ ከመንገዱ ቢመለስ በሕይወት ይኖራል ብሎ ያስተምራል፤ ስሙ እንደ ማኅተም የማይፋቅ ቢሆን ኖሮ ይህን ባላለ ነበር። በግዕዝ በኩል ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው፤ የረሳ ሰው ሊያስታውስ ይችላልና።

ኦሪት ዘፍጥረት እንዲህ ያለውን አንድ ሰው ያሳያል፤ ስሙን ግን አይናገርም፤ በሹመቱ ብቻ የጠጅ አሳላፊዎች አለቃ ይለዋል። ከዮሴፍ ጋራ በግዞት ቤት ሳለ ሕልሙ ተተረጐመለት፤ በጎ ነገርም በሆነልህ ጊዜ አስበኝ ተብሎ ተለመነ። በሦስተኛው ቀን ወደ ሹመቱ ተመለሰ፤ ጽዋውን በፈርዖን እጅ አኖረ፤ ዮሴፍንም ረሳው። አልጠላውም፤ አልከሰሰውም፤ ክፉ ነገርም አልተናገረበትም፤ በሹመት ወንበር ላይ ተደላድሎ ሳለ ከልቡ ወጣበት እንጂ። በዚህ ምክንያት አንድ ንጹሕ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ በእስር ቤት ተቀመጠ። ፈርዖን ሕልም አይቶ ጠቢባኑ ሁሉ መተርጐም ባቃታቸው ቀን ያ ሰው ወደ ንጉሡ ቀርቦ ስለ ዮሴፍ መናገር ሲጀምር፤ ከሁሉ አስቀድሞ ያነሣው ነገር የራሱን ኃጢአት ማስታወሱን ነው። ከዚህም በኋላ ፈርዖን ልኮ ዮሴፍን አስጠራ፤ ከግዞት ቤትም ፈጥነው አወጡት፤ ጠጕሩን ላጩት፤ ልብሱንም ለወጡለት።